የሁምቦ ተራራ ሒሳብ፦ በ4 ዶላር ከ40 ሳንቲም የተሸጠ ካርቦን

ከሒሳቡ ልጀምር። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ ደኑ ተመለሰ። ደኑ ከአየር ከሚመጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ባጭሩ ካርቦን) 165,000 ቶኑን፣ ደን ለሚያለሙ ሰዎች የሚከፍለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ሊገዛ ተዋዋለ። ክፍያው በአስር ዓመት ውስጥ ቢያንስ 726,000 ዶላር ነው ተባለ።

አካፍሉት። ለአንድ ቶን 4 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይደርሳል። ለአንድ ሄክታር ደግሞ በአስር ዓመት 266 ዶላር፣ በዓመት 26 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ።

ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳሰላው ተሳሳትኩ ብዬ ደግሜ አሰላሁት። ልክ ነው። ለ26 ዶላር ብሎ አንድ ሄክታር ተራራ ዓመቱን ሙሉ ከፍየልና ከመጥረቢያ የሚጠብቅ ማን አለ? የሁምቦ ሰዎች ግን ጠበቁት፣ ደኑም ተመለሰ። እንዴት ሆነ የሚለው ነው ይህን ጉዳይ በደንብ እንድጽፈው ያደረገኝ፤ ዛሬ ደን ያለው ሁሉ ስለ ካርቦን ሽያጭ ሲያወራ የሁምቦን ሒሳብ አስቀድሞ ቢያየው ብዙ ነገር ይቆጥባል ብዬ ስለማምን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ውሉም ሰነዱም በዚያ ስለሆነ።

## ተራራው ምን ሆኖ ነበር

ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ የምታገኙት ወረዳ ነው። ያኔ በደቡብ ክልል ሥር ነበር፣ አሁን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ደግሞ ትንሽ የሆነበት አገር ነው። ዝናብ አንድ ዓመት ከቀረ ከእጅ ወደ አፍ የሆነው ኑሮ ወዲያው ይናጋል።

ተራራው ድሮ ደን ነበረው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየተመናመነ ሄደ። ለማገዶ ተቆረጠ፣ ለከሰል ተቆረጠ፣ የቀረው ላይ ከብትና ፍየል ተለቀቀ። ደኑ ሲያልቅ አፈሩ ተከተለ። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ከላይ ደለል ይዞ እታች ያለው ማሳ ላይ ይወርዳል። የፕሮጀክቱ ሰነዶች የሚያነሱት ሌላም ስጋት ነበር፦ ለ65,000 ሰው የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የከርሰ ምድር ውሃ በዚሁ ተራራ ላይ በሚዘንበው ዝናብ የሚሞላ ነው። ተራራው ዝናቡን መያዝ ካቃተው የውሃው ነገርም አበቃ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ገበሬው ባለማወቁ ደኑን ጨረሰ የሚል ነገር ውስጡ ይኖራል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ተራራው የማንም ስላልነበረ ነው ያለቀው። አንዲት እናት ዛሬ ያንን ቁጥቋጦ ለነገ ብላ ብትተወው፣ ማታ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል። ትታው የምታተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ ትቆርጠዋለች። በእሷ ቦታ እኔም ብሆን እቆርጠዋለሁ። መቶ ሰው እንዲህ ትክክለኛ ውሳኔ ሲወስን ተራራው ራቁቱን ይቀራል።

ሌላው የችግሩ ገጽታ ከሁምቦ ውጭ ነው። ደኑ ካርቦን ቢይዝ የሚጠቀመው መላው ዓለም ነው። ወጪውን የሚሸከመው ግን እንጨት መልቀም የተከለከለችው ሴት ናት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገንዘብ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም። የካርቦን ገበያ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

## ጉቶው

ሥራው የተጠነሰሰው በ2004 ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን ቦታውን ሲያጠና አብሮ የመጣ አንድ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነበር። ሰውየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ ሲሠራ አንድ ነገር ተምሯል። ዓመታት ሙሉ ችግኝ ቢተክልም አብዛኛው ደረቀበት። በኋላ ላይ ቁጥቋጦ መስሎት ያልፈው የነበረው ነገር ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የሚያቆጠቁጥ መሆኑን አስተዋለ። ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ። በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱ ፍየል ይበላዋል ወይ ሰው ይቆርጠዋል። በቃ፣ ደኑ ሳይሞት ታፍኖ ነው ያለው።

ሁምቦም እንዲያው ነበር። ገጠር ያደገ ሰው የብሳናን ወይም የግራርን ጉቶ ያውቀዋል፦ ቆርጠኸው በክረምቱ ዙሪያውን እንደ መጥረጊያ ያቆጠቁጣል። ዘዴው ከዚያ ሁሉ ቀንበጥ ጠንካራ የሆኑትን ጥቂቶቹን መርጦ መተው፣ ሌላውን መቁረጥ፣ የተተዉትን ደግሞ ከጎናቸው የሚወጣውን ቅርንጫፍ መመልመል ነው። ሥሩ ያረጀና ወደ ታች የጠለቀ ስለሆነ ቀንበጡ ከችግኝ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ያድጋል። የምትመለምለው ቅርንጫፍ ደግሞ ማገዶ ነው። ማሽን አያስፈልግም። ማጭድና ገጀራ ያለው ሰው ይሠራዋል።

ይህ የኢኮኖሚክስ ጥያቄም ነው። ችግኝ ማፍላት፣ ማጓጓዝ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ውሃ ማጠጣት ሁሉም ገንዘብ ነው፤ ከተተከለው ስንቱ እንደሚጸድቅ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሁምቦ ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቦታ ያገገመው ከነበረው ጉቶ ነው። ጉቶ ባልነበረበት ቦታ ብቻ ከችግኝ ጣቢያ ተወስዶ ተተከለ። ግራር፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና፤ ሁሉም የአገሩ ዛፍ።

## መሬቱ የማን ነው?

ጉቶውን ማዳን ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ ሰውን ማሳመን ነው። ‹ተራራችሁን እንከልለው› ሲባል ሰዉ የጠረጠረው መሬቱን ሊወስዱብን ነው ብሎ ነው። መንግሥት ይወስደዋል ወይ ፈረንጅ ይወስደዋል። ይህን ጥርጣሬ ኋላ ቀርነት አድርጎ ማየት አይገባም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። በ2007 የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደን ብቻ ነበር። የማህበረሰብ ደን የሚባል ነገር በግልጽ በሕግ የገባው በ2018 በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ የሁምቦ ሰው ‹ነገ ዛፉ ሲያድግ የማን ይሆናል?› ብሎ ሲጠይቅ ከጠበቃ የተሻለ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ረጅም ውይይት ተደረገ። ከዚያ ሰዉ በሰባት የህብረት ሥራ ማህበራት ተደራጀ። ተራራው ለሰባቱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ማህበር የተጠቃሚነት መብት ማረጋገጫ ተሰጠው። መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ማን ይገባል፣ መቼ ይታጨዳል፣ የቆረጠ ሰው ምን ይቀጣል። ልቅ ግጦሽ ቆመ። ሣሩ ግን አልተከለከለም፤ አጭዶ ተሸክሞ ወስዶ ቤት ያለን ከብት መመገብ ይቻላል። በ2006 ሥራው ተጀመረ።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። የካርቦን ገዢ ‹ይህን ካርቦን የሚሸጥልኝ ማነው?› ብሎ ይጠይቃል። ሻጭ የሌለው ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ ሽያጩ እንዲኖር ማህበሩ በሕግ የሚታወቅ አካል መሆን ነበረበት፣ ወረቀትም ያስፈልገው ነበር። የ26 ዶላሩ ትልቁ ውለታ ይህን ወረቀት ማስመጣቱ ነው እላለሁ። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ያቺ እናት ዛሬ የምትተወው ቀንበጥ ነገ የማህበሯ እንደሆነ ታውቃለች።

## ሽያጩ

ገበያው የኪዮቶ ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ስምምነት ያመጣው የንጹህ ልማት አሠራር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሀብታም አገር ብክለቱን መቀነስ ሲወደድበት፣ ድሃ አገር ውስጥ የሚቀንስ ሰው ፈልጎ ይከፍለዋል። ቅነሳው ተለክቶ ክሬዲት፣ ማለትም በቶን ተቆጥሮ የሚሸጥ ማረጋገጫ፣ ይሆናል። የደን ነገር ላይ ግን ሕጉ ጠባብ ነበር። ያለን ደን ከመቆረጥ ማዳን አይታሰብም፤ የሚታሰበው ደን በሌለበት ማልማት ብቻ ነው። መሬቱ ከ1989 መጨረሻ ጀምሮ ደን እንዳልነበረው ማስረዳት ያስፈልጋል። ያለ ፕሮጀክቱ ደኑ በራሱ ይመለስ እንዳልነበረም ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚህ የተከለከለው ሰው ጎረቤት ተራራ ሄዶ ቢቆርጥ እሱም ተሰልቶ ይቀነሳል። ከዚያ በየአምስት ዓመቱ ገለልተኛ መርማሪ መጥቶ ዛፍ ይለካል።

ይህን ሁሉ ወረቀት የወላይታ ገበሬ ብቻውን አያዘጋጀውም። ወርልድ ቪዥንና የዓለም ባንክ ናቸው የተሸከሙት። በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ ተመዘገበ። በዚህ አሠራር በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር። በጥቅምት 2012 የመጀመሪያዎቹ ከ73,000 በላይ ክሬዲቶች ወጡ።

## ምን ሠራ

ደኑ መጣ፣ ይህ አያከራክርም። ሣሩ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰዎች ስለ ካርቦን ሲያወሩ ሣሩን ስለሚረሱት። ካርቦን ለመሸጥ ዓመታት መጠበቅ ግድ ነው። ሣር ግን ከብት ከተከለከለበት ዓመት ጀምሮ ይታጨዳል። ገበሬው የመጀመሪያውን ትርፍ ያየው በዶላር አልነበረም፤ በሸክም ሣር ነው። ከዚያ የምልመላው ማገዶ መጣ፣ ከዚያ ማር። ጎርፉና ደለሉ ቀነሰ። እነዚህን ሁሉ በዋጋ ብታስቀምጧቸው 26 ዶላሩን እንደሚበልጡት አልጠራጠርም።

የካርቦኑ ገንዘብም የገባበት መንገድ ጥሩ ነበር። ለየቤቱ ቢበተን ለአንድ ሳምንት ጨውና ሳሙና ይሆን ነበር። ወደ ማህበራቱ ነው የገባው። 726,000ውን ለሰባት ማህበር እኩል ብንደለድለው ለአንዱ በዓመት 10,400 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ በ2010 መጨረሻ በነበረው ምንዛሪ ከ165,000 ብር በላይ ማለት ነው። በዚህ የእህል ወፍጮና መጋዘን ዓይነት የጋራ ነገር ይሠራል፣ ተሠራም። መጋዘን ያለው ገበሬ እህሉን በመኸር ርካሽ ዋጋ ለነጋዴ አይጥለውም። ይህ ከካርቦን ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ከካርቦኑ በላይ ነው።

## ምን አልሠራም

ዋጋው አልሠራም። በ2010 አካባቢ አንድ ቶን የመበከል ፈቃድ በአውሮፓ ገበያ ከ12 እስከ 15 ዩሮ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓለም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት 21 ዶላር ገደማ ብሎ ተመነው። በ2023 ደግሞ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመኑን ወደ 190 ዶላር አደረሰው። ሁምቦ የተከፈለው 4.40 ነው። ጉዳቱ 21 ከሆነ 4.40 ከፍሎ የሄደው ዓለም ቀሪውን ከሁምቦ ገበሬ ተበድሯል ማለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ አልደብቅም።

ለምን ረከሰ? አንዱ ምክንያት የደን ክሬዲት ጊዜያዊ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። ዛፍ ሊቃጠል ይችላል፣ ሊቆረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ክሬዲቱ ጊዜው ሲያልፍ ይሞታል፤ የገዛው ሰው በሌላ መተካት አለበት። በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። በተግባር ግን ገዢ የሚያሸሽ ዕቃ ሆነ። ትልቁ ገበያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ከ2004 ጀምሮ የደን ክሬዲትን ጭራሽ አልቀበልም ብሎ ነበር። በ2012 መጨረሻ ደግሞ የአጠቃላይ የዚህ አሠራር ክሬዲት ዋጋ ከአንድ ዩሮ በታች ወደቀ። የሁምቦ ማህበራት አስቀድመው በውል የተሸጠ 165,000 ቶን ስለነበራቸው ዳኑ። ያ ውል ባይኖር ኖሮ ክሬዲታቸው በወጣበት ዓመት ገበያው እጃቸው ላይ ይሞት ነበር።

ግን ሌላውን ቁጥር እዩት። ደኑ በ30 ዓመት ውስጥ ይይዛል ተብሎ የተገመተው ከ880,000 ቶን በላይ ነው። በዚያ ውል ገዢ ያገኘው ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም። ጠባቂው መቶ በመቶ ይጠብቃል፣ ውሉ የሚከፍለው ለ19 በመቶው ነው። ለቀረው ሌላ ገዢ መፈለግ ያስፈልጋል።

ጊዜውም ረጅም ነበር። ሥራው በ2006 ተጀምሮ ክሬዲት የወጣው በ2012 ነው። ስድስት ዓመት። መካከሉን ያሻገረው የእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ነው። አንድ የገበሬ ማህበር በራሱ ቢጀምረው መሐል መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ሌላው ብዙ የማይነገር ነገር የወጪው አደላደል ነው። ተራራ ሲከለል ሁሉም እኩል አይጎዳም። ማሳ ያለው ሰው ሣሩን አጭዶ ለበሬው ይሰጣል። ማሳም ከብትም የሌለው፣ እንጨት ለቅሞ ገበያ በመሸጥ የሚኖር ሰው ግን የዕለት ገቢው ነው የሚቆመው። የምልመላ ማገዶና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ይህን በከፊል ይክሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አይክስም፣ ምክንያቱም ማገዶው ከቤት ፍጆታ አልፎ እንደ ድሮው ለሽያጭ አይበቃም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ መመዝገብ ያለባቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው። በዘበኝነት፣ በምልመላ ሥራ፣ በንብ ማነብ።

## ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

የካርቦን ጉዳይ ዛሬ ተመልሶ መጥቷል። በ2021 ግላስጎው ላይ አገሮች በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት የካርቦን ገበያ ሕግ ከተስማሙ ወዲህ አዳዲስ ውል የሚያዘጋጁ ሰዎች በየአገሩ ይዞራሉ። ወደ እናንተ ወረዳም ሊመጡ ይችላሉ። እኔ ብሆን ካርቦኑን ከሒሳቡ አውጥቼ እጀምራለሁ። ሣሩ፣ ማሩ፣ ማገዶው፣ ውሃው ብቻቸውን ደኑን ያኖሩታል ወይ? ካኖሩት ካርቦኑ ምርቃት ነው፣ ይምጣ። ካላኖሩት 4 ዶላርም 10 ዶላርም አያድነውም፤ ዋጋው በወደቀ ዓመት መጥረቢያው ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ከዋጋው በፊት ስለ ወረቀቱ ጠይቁ። ውሉ ላይ የሚፈርመው ማነው፣ የተጠቃሚነት መብቱ በማን ስም ነው፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ ይገባል። የ2018ቱ አዋጅ የማህበረሰብ ደንን ስላወቀ ዛሬ ይህ ከሁምቦ ጊዜ ይቀላል። ስለ መጠኑም ጠይቁ። ቢያንስ ደኑ ከሚይዘው ግማሹ በታወቀ ዝቅተኛ ዋጋ ካልተሸጠ የ30 ዓመት ግዴታ ውስጥ ባልገባ እመርጣለሁ።

ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ጥሩ ነው፣ እኔም ተክያለሁ። ነገር ግን ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ሰው በተራራው ላይ ዞሮ በሕይወት ያለ ጉቶ ቢቆጥር ምን ይከፋል? የአካባቢው ሽማግሌዎች የት የትኛው ዛፍ እንደነበር ያውቃሉ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የሁምቦ 30 ዓመት ሥራው ከተጀመረበት ቢቆጠር የሚሞላው በ2036 ነው። ሥራው ሲጀመር የተወለደ ልጅ ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ጉቶውን የመለመሉት ሰዎች ደግሞ አርጅተዋል። አዲስ ውል የምትጽፉ ሰዎች፣ በማህበሩ ደንብ ውስጥ ወጣቶች እንዴትና በስንት ዓመታቸው አባል እንደሚሆኑ የሚል አንቀጽ ከመጀመሪያው ቀን አስገቡ። አባል ያልሆነ ወጣት ያንን ደን የሚያየው የአባቱ ማህበር ንብረት አድርጎ ነው፣ እሱም ደግሞ ማገዶ ያስፈልገዋል።